የሻለቃ ጥፋት

ሻለቃ ሰው ነክሷል። ዓሣ ነው ሲባል አዲስ ሰው ይስቃል፤ ቤቱን የለመደ ግን ጣቱን ኪሱ ከትቶ ነበር በገንዳው አጠገብ የሚያልፈው። ክንድ የሚያክል፣ ጠፍጣፋ፣ ከንፈረ ወፍራም የባህር ዓሣ ነው። ጥርሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ዓይኖቹን ደግሞ ለየብቻ ያዟዙራል፤ በአንዱ ሰው እያየ በሌላው ምግቡን ይጠብቃል። አብረውት የገቡትን ዓሦች በየተራ ጨርሶ፣ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሙሉ በያዘው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ብቻውን ይንጎማለል ነበር። ስሙን ያወጡለት የቤቱ ባለቤት ናቸው። ማንንም አይፈራም፣ ለማንም ቦታ አይለቅም፣ በቃ ሻለቃ ይሁን አሉና ሻለቃ ሆኖ ቀረ።

እኚህ ሰውዬ ሞተር ጠምዛዥ ነበሩ። የተቃጠለ ሞተር ሆዱን ከፍተው፣ የጠቆረውን ሽቦ ዘርግፈው፣ በምትኩ አዲስ የመዳብ ሽቦ ዙር በዙር እየጠመዘዙ ነፍስ ይዘሩበታል። ወፍጮ የቆመበትም፣ የውሃ መሳቢያ የጨሰበትም እሳቸው ጋ ነበር የሚሮጠው። ለሞተር የነበራቸውን ትዕግሥት ግን ለሰው አልሰጡም፤ ለገዛ ራሳቸውም ቢሆን። የደም ግፊት አለብዎት ተብለው ኪኒን ሲታዘዝላቸው መሳቢያ ውስጥ ወርውረውት ወደ ሥራቸው ሄዱ። መድኃኒት የሚባል ነገር በደጃቸው አያልፍም። ራሳቸውን ሲያማቸው እንኳ ግንባራቸውን በጨርቅ ጠፍንገው ይውላሉ እንጂ አንድ ፍሬ አይውጡም። ታዲያ የፈሩት ሳይሆን የናቁት ነገር መጣ፤ አንድ ቀን ጠዋት የሱቃቸውን በር ሲከፍቱ እዚያው ደጃፉ ላይ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ ሁሉ ቁጣና ተረብ የተረፈችው አንዲት "እ" ብቻ ነች።

ልጃቸው የስፌት መኪናዋን አስጭና መጣች። ሌላ ከተማ አግብታ ትኖር የነበረች ናት፤ ትዳሯ ከፈረሰ ሰንበት ብሏል፣ ልጅ የላት፣ የሚያስቀራት ነገር የለም። ታናሽ ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ እሱን አስታምም ማለት ዘበት ነው። ወንድሟም ዘመዱም "እትዬ" ነው የሚላት። እናታቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ አባትየው ያን ሁሉ ጊዜ የኖሩት ከሻለቃ ጋር ነው።

እትዬ በመጀመሪያ አባቷን መኝታ ቤት አስተኝታቸው ነበር። ቀንም ሌትም ጣሪያውን ሲያዩ፣ ምግብ ሲተፉ፣ ያቺን "እ" ሲያጉረመርሙ አንጀቷ አልችል አለ። አልጋውን ወደ ሳሎን አውጥታ ከገንዳው ፊት ለፊት አደረገችው፤ ያን ዕለት ሾርባቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ። ሻለቃ ወዲህ ሲሄድ ዓይናቸው ወዲህ፣ ወዲያ ሲሄድ ወዲያ። እሷ ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ እሳቸው ሻለቃን ሲያዩ፣ ቀኑ ያልፋል። ሐኪሙ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም ብሏል። ወንድሟ ይህን አያምንም፤ እትዬ ግን የሻለቃን ጭራ ሲከተሉ እያየቻቸው እንዴት አታምን? ከዓለም የቀራቸው እሱን ማየት ነው። እሱ ከተወሰደባቸው ምንም የላቸውም፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

እንግዲህ መከራው የጀመረው መስታወቱ አረንጓዴ ሲሆን ነው። የጨው ውሃ ገንዳ ጌታው ሲተኛ አብሮ ይተኛል መሰለኝ፤ መጀመሪያ ጥግ ጥጉን፣ ከዚያ ድንጋዩን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን ዝልግልግ አልጌ ወረሰው። ከውስጥና ከውጭ በሚሳሳብ ማግኔት ትፍቀዋለች፤ ሲነጋ ተመልሶ ይጠብቃታል። ድንጋዩንና አሸዋውን ልታጸዳ እጇን ብትሰድ ሻለቃ ጣቷን ዘነጠለላት፤ ልብስ ሰፊ ያለ ጣት ምን ዋጋ አላት፣ በፋሻ ጠቅልላ የኮሌታ ሥራ እያበላሸች ሰነበተች። አባቷ ደግሞ ሻለቃ ከአረንጓዴው ኋላ ሲደበዝዝባቸው በደህና እጃቸው አልጋውን ይደበድባሉ። ሾርባውም መተፋት ጀመረ።

ከገበያው ኋላ ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ወለሉ ሁሌ እርጥብ ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ ገንዳ ተደርድሮ፣ የአየር መንፊያው ሲንጎራጎር ሰው ጮክ ብሎ ካላወራ አይሰማም። ፂማሙ ባለ ሱቅ ሱቁን ከአጎቱ ተረክቦ ብዙም አልቆየም። እትዬ ገንዳ የሚያጸዱ እንስሳት እንዳሉ ሰምታ ነበርና እነሱን ስጠኝ አለችው። እሱም ምን ዓሣ እንዳላት ሳይጠይቅ፣ እሷም ሳትነግረው፣ ሽሪምፖችና የሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ሸርጣኖች በላስቲክ አስሮ ሰጣት። ቀያይ ሽሪምፖቹ ሲያምሩ፣ መንገዱን ሙሉ ላስቲኩን ከፍ እያደረገች ታያቸው ነበር።

ሽሪምፖቹ አሸዋውን አልነኩም። ላስቲኩን እንዳዘነበለች ሻለቃ ከታች ተምዘግዝጎ መጣና አንድ በአንድ ለቀማቸው። ሸርጣኖቹን ደግሞ ቅርፊታቸውን እንደ ለውዝ እየሰበረ በላቸው፤ ኩርሽም ኩርሽም ሲል ከውጭ ይሰማል። እትዬ ጭንቅላቷን ይዛ ቀረች። ከኋላዋ የሆነ ድምፅ ሰምታ ዞር ስትል፣ አባቷ ከንፈራቸው በግራ በኩል ተነሥቶ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ደንግጣ ሮጣ ሄደች፤ ለካስ እየሳቁ ነው። ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው፤ እሷም ሳቀች፣ ሳቁ ወደ እንባ እስኪዞር ሳቀች።

በሁለተኛው ጉዞዋ ስለ ሻለቃ ተናገረች። ፂማሙ እጁን ግንባሩ ላይ ጣለ። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ነበር እንጂ እያለ በየገንዳው እየዞረ ያሳያት ጀመር። ሽሪምፕ የሚባል ነገር ይረሳ፤ ለእንዲህ ያለ ዓሣ ቁርስ ነው። ትንንሽ ሸርጣንም እንደዚያው፤ ትልልቁ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ከተራበ ይነካዋል። የባህር ኮከብ ክንዶቿን ይቀነጣጥባታል። የሚያዋጣው ቅርፊቱ ድንጋይ የሆነ፣ ቡጢ የሚያክል ቀንድ አውጣ ነው፤ ሲነካ ወደ ውስጡ ገብቶ በሩን የሚዘጋ። ከዚያ ደግሞ እሾሁ የረዘመ የባህር ጃርት፤ አንዴ ከንፈሩን ከወጋው ሁለተኛ አይጠጋውም። ዓሣውን ደህና አጥግቦ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ እሱ ድንጋዩ ሥር ገብቶ ሲያሸልብ ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሰውዬው ሥራውን ይወዳል፤ እያንዳንዷን ቀንድ አውጣ ገልብጦ እግሯ መሳብ አለመሳቡን አይቶ ነበር የሚመርጥላት። ሊያስርላት ሲል ቆም አለ።

"እህቴ፣ ገንዳው ውስጥ መድኃኒት ገብቶበት ያውቃል?"

"አባቴና መድኃኒት?" ብላ ሳቀች። "ወንድሜ፣ እሳቸውን ስለማታውቃቸው ነው። መድኃኒት ቤት ባለበት መንገድ እንኳ አያልፉም።"

ሰውዬውም ሳቀና ላስቲኩን አሰረ። ልብ በሉልኝ፤ የተጠየቀችው ስለ ገንዳው ነው፣ የመለሰችው ስለ አባቷ ነው። ሁለቱም ይህን ልብ አላሉም።

የተባለችውን ሁሉ አንድ ሳታጎድል አደረገች። ላስቲኩን ይዛ ወደ ገንዳው ስትጠጋ ግን አባቷ በደህና እጃቸው አንጓዋን ለቀም አደረጉ። አንጓዋ ላይ የመዳብ አምባር አለ። ስፌት ተምራ የጨረሰች ጊዜ ከሞተር የተረፈ ሽቦ ጎንጉነው የሠሩላት እሳቸው ናቸው፤ ሲሰጧት እንኳ እንዳይጣል ብዬ ነው ብለው ነበር፣ ፍቅር ከአፋቸው አይወጣማ። በሠርጓም ቀን፣ በፍቺዋም ቀን አላወለቀችውም። አሁን ያቺን አምባር ይዘው ወደ ገንዳው ያያሉ፣ ተመልሰው አምባሩን ያያሉ፣ "እ" ይላሉ።

"አዎ አባዬ፣ እርስዎ የሠሩልኝ ነው" አለቻቸው። "አልጠፋም፤ ይኸው አለ።"

አባቷ ያስታወሷት መስሏት፣ ግንባራቸውን ስማ፣ ጣቶቻቸውን ቀስ ብላ ፈልቅቃ፣ ቀንድ አውጣዎቹንና ጃርቱን አስገባቻቸው።

አንድም ቀንድ አውጣ መስታወቱን አልወጣም። ከተቀመጡበት ትንሽ ተጎትተው አሸዋው ላይ ተጋደሙ። ጃርቱ እሾሁን እንደ ታመመ ዶሮ ላባ ያረግፍ ጀመር። ቀን ቀን ደግሞ ሻለቃ በአፉ ይገለብጣቸዋል፣ ይገፋቸዋል፣ አሸዋ እየተፋባቸው ይዞራቸዋል፤ እትዬ ስፌቷን ጥላ መስታወቱን በጥፊ ትመታለች። ሳምንት ሳይሞላቸው ሁሉም ሞቱ፣ ገንዳው ሸተተ። ማን እንደገደላቸው ለመጠየቅ እንኳ አላሰበችም። ሽሪምፖቹን ሲበላ በዓይኗ በብረቱ ያየችው ወንጀለኛ እዚያው ፊቷ እየተንጎማለለ፣ ሌላ ማንን ትጠርጥር?

ወንድሟ ከመንገድ ሲመለስ ቤቱ ሽታው አላስገባው አለ። ሻይ እስኪቀርብለት እንኳ አልቆየም፤ ዓሣው ይውጣ አለ። እትዬ በመጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። ከእሱ ሌላ ምን አላቸው ብላ ተከራከረች። ወንድሟ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሷ ከስታ፣ ጣቷ ቆስሎ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ሲያያት ነው የተናደደው። ባለ ሱቁም ቢሆን ውሃው በዚህ ከቀጠለ ሻለቃ ራሱ እንደሚሞት ነግሯታል። ፂማሙ ይውሰደው፣ ቀንድ አውጣዎቹ በሰላም ያጽዱ፣ በምትኩ ደህና ደህና ትንንሽ ዓሦች ይግቡ፤ ነገሩ እንዲህ ሲቀመጥ ልክ ይመስላል። ለአባዬ ማን ይንገራቸው ስትለው ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ እሳቸው እኮ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚያዩት። ዓሣ ለሳቸው ዓሣ ነው።"

ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እሺ ማለቷ እንደነበር የገባት፣ ወንድሟ የሾፌር ጓንቱን ሊያመጣ ሲወጣ ነው።

ሻለቃ በቀላሉ አልተያዘም። መረቡን ሲያይ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የጀርባውን እሾህ ቀጥ አድርጎ ራሱን ቆለፈ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ግድ ሆነ፤ ወለሉ ጎርፍ ሆነ፣ ወንድሟ ይረግማል፣ አባቷ ያቺን "እ" ሳያቋርጡ ይደጋግማሉ። ልታረጋጋቸው ብትጠጋ እንደገና አምባሯን ያዙ። አሁን ግን እንደ ፊቱ አይደለም። ያጣምሙታል፣ ይስቡታል፣ ሥጋዋን ይዞ ሲጠማዘዝ ጮኸች። ዓይናቸው ፈጦ ከአምባሩ ወደ ገንዳው፣ ከገንዳው ወደ አምባሩ ይሮጣል። ተቆጥተውኛል፣ የሰጡኝን ሊነጥቁኝ ነው አለች በልቧ። ወንድሟ ጣቶቻቸውን አስለቀቃት። እሷም አንጓዋ ደም እንደቋጠረ አምባሩን አውልቃ የክር መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

ሻለቃ በባልዲ ወጣ። ክዳኑን ከውስጥ ሲመታው እስከ መኪናው ድረስ ይሰማ ነበር።

ትንንሾቹ ዓሦች መጡ፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ለዓይን የሚያሳሱ፤ አብረዋቸውም አዲስ ቀንድ አውጣዎች። አባቷ አንዴ አዩአቸው። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው፣ ከድንጋይ ድንጋይ ሲፈልጉ ቆዩና፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ ታዞራቸዋለች፣ ተመልሰው ይዞራሉ። ሾርባው በማንኪያ ይገባል፣ በከንፈራቸው ጥግ ይወጣል። ይለምዳሉ ትላለች ለራሷ፤ ውሃው ይጥራ እንጂ ይለምዳሉ።

አዲሶቹ ቀንድ አውጣዎችም ሞቱ።

እትዬ ይህን ጊዜ አልጮኸችም። እጇን ገንዳው ውስጥ ሰደደች፤ የሚነክስ የለም። አንዱን ቀንድ አውጣ አውጥታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ቅርፊቱ ሙሉ ነው። የተፈነከተ፣ የተቦረቦረ፣ የጥርስ ምልክት ያለበት ቦታ የለውም። የቀድሞዎቹን ለጓሮ አበባ መከለያ ደርድራቸው ስለነበር ሮጣ ሄዳ አንሥታ አየቻቸው። እነሱም ሙሉ ናቸው። ሻለቃ ሲበላ ሰባብሮ እንደሆነ በጆሮዋ ሰምታ ነበር እኮ! ሸርጣኖቹን ኩርሽም ኩርሽም ሲያደርግ ሰምታ ነበር። ሙት ነው ሲገለብጥ የነበረው። ጓሮው ላይ ቁጭ አለች።

ከገንዳው በጠርሙስ ቀድታ ወደ ፂማሙ ሄደች። እሱ በቀጭን ብርጭቆ ትንሽ ቀንሶ መመርመሪያ ጠብታ ጨመረበት፣ ነቅንቆ ወደ መብራቱ አነሣው። ውሃው ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ። ባለ ሱቁ ወዲያው አላያትም።

"መዳብ አለበት" አላት። "የዓሣ መድኃኒት ነው፤ ሰውነታቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሲወጣ ይደረግላቸዋል። ዓሣውን ያድናል፣ ቀንድ አውጣና ጃርት ግን ትንሿን እንኳ አይችሏትም። ድንጋዩ ይጠጣውና ለዓመታት መልሶ ይተፋዋል። ጠይቄሽ ነበር፣ እህቴ።"

መዳብ። እትዬ ባዶ አንጓዋን አየች። ሰንበሩ ገና ቢጫ ነው። ያን ጊዜ ነው አንድ የስልክ ወሬ ትዝ ያላት። እናቷ በሞቱ ሰሞን አባቷን ደውላ ስትጠይቃቸው፣ ሻለቃ ታሞብኝ ነበር፣ ዳነልኝ ብለዋት ነበር። እሰይ ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። ለገዛ ግንባራቸው ኪኒን የነፈጉ ሰው፣ ሚስታቸውን በቀበሩ ማግሥት አንድ ዓሣ እንዳይሞትባቸው መድኃኒት ፍለጋ ሄደዋል። እሷ ደግሞ አባቴን አውቃለሁ ብላ ስቃለች። ኧረ ምኑን አወቀች!

"ሻለቃን መልስልኝ" አለችው። "አረንጓዴው ይሁን፣ ቆሻሻው ይሁን፣ ማታ ማታ ራሴ እፍቀዋለሁ። እሱን ብቻ መልስልኝ።"

ፂማሙ ፂሙን እያሸ ወደ ኋላ ክፍል አየ። ከሚበልጠው ዓሣ ጋር ነበር ያስቀመጠው፤ ሌላ ባዶ ገንዳ አልነበረውም። ሻለቃ በሰው ቤት የሚገባበት ጉድጓድ አጣ፣ ክንፉ ተበጣጠሰ፣ ምግብም እምቢ አለ። ትናንት ጠዋት ሞቶ ተንሳፍፎ አገኘው። ልነግርሽ ነበር ሲል እትዬ ጠርሙሷን ረስታ ወጥታለች።

ቤት ስትገባ አባቷ እንደተወቻቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር። የክር መሳቢያዋን ከፈተች፣ አምባሩን አውጥታ አጠለቀች። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተሽሎክሉካ ፊታቸው ፊት ተንበረከከች፣ አንጓዋንም መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

"መዳብ" አለቻቸው። "ድንጋዩ ውስጥ መዳብ አለ። ሻለቃ አልነበረም። አሁን ገባኝ አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ጣቶቻቸው አምባሩን በስሱ ያዙት፣ ነካ ነካ አደረጉት፣ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። የከንፈራቸው ግራ ጥግ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ እንደዚያ ሽሪምፖቹ እንደተበሉ ዕለት። አንገታቸውን እንደምንም ከግድግዳው አላቅቀው ወደ ገንዳው ዞሩ፣ እጃቸውንም ወደዚያው ዘረጉ።

"እ?" አሉ።

ጥያቄ ነበር። እንዲህ ጥርት ያለ ጥያቄ ከታመሙ ወዲህ ጠይቀው አያውቁም። ጥፋቱ የማን እንደነበር ከታወቀ፣ እንግዲህ ይመለሳል ማለት ነዋ።

እትዬ ተነሥታ የገንዳውን መብራት አበራች። ማግኔቱን አንሥታ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ፈቀች። ማታ ሾርባውን ስታቀርብ አባቷ ዓይናቸውን ከገንዳው ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው ጠጡ። በማግሥቱም ጠጡ። አሁንም ወደ ግድግዳው አይዞሩም፤ የውጭው በር በተከፈተ ቁጥር ባልዲ የያዘ ሰው ይገባ እንደሆነ ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ገንዳው ይመለሳሉ። እሷ መስታወቱን በየቀኑ ትፍቃለች። አልነገረቻቸውም።